የኩርፊያ ክፍል

ጋሽ ድልድይ አኩርፈው በገቡበት ክፍል ውስጥ ሞተው ተገኙ።

የምክር ቤቱ የጥበቃ ኃላፊ በስልክ የነገራት ይህንኑ ብቻ ነበር። መርማሪዋ ስልኩን አስቀመጠችና እጇን ከላዩ ሳታነሳ ትንሽ ቆየች። ሌላ ሰው ቢሆን «የምን ኩርፊያ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እሷን ግን ስማቸውን ስትሰማ ብርድ ብርድ ያላት በሌላ ምክንያት ነው። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት፣ በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ ከወንዝ ዳር ሰዎች ተመራጭ ከጋሽ ድልድይ አንድ ፖስታ ይደርሳታል። ውስጡ ደብዳቤ የለም። ያለው በዚያ ቀን ጀልባ ተገልብጣ ውሃ የበላቸው የሠላሳ አንድ ሰዎች ዝርዝር ብቻ ነው። ያኔ ገና ጀማሪ መርማሪ ሳለች መዝገቡን የዘጋችው እሷ ነበረች። የመጨረሻው መስመር ላይ በገዛ እጇ «ጥፋተኛ የለም» ብላ ጽፋለች። ጀልባዋ ከልክ በላይ ጭናለች፤ ቀዛፊው አብሮ ሰጥሟል፤ ድልድይ አለመኖሩ ደግሞ በሕግ የማንም ወንጀል አይደለም። ዝርዝሩን በየዓመቱ ስታነበው ሳትፈልግ በቃሏ ያዘችው።

ቤቱ ከምክር ቤቱ ጀርባ ያለ አሮጌ የድንጋይ ሕንጻ ነው። መንግሥትን በጥምረት ያቆሙት ሦስት ፓርቲዎች በጀት በመጣ ቁጥር የሚነታረኩት እዚህ ነው። ጸሐፊዋ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌሎችን ስምምነት ስትጽፍ የኖረች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ኢንስፔክተር፤» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በምሳ ሰዓት ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ደንቡ እንደዚያ ነው። መልስ ሳጣ ገባሁ።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ውስጥ የነበሩት?»

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ።»

«እስከ ስድስት ሰዓት ደህንነታቸውን የጠየቀ የለም?»

«ሻርፓቸው በሩ ላይ ነበራ!» አለች ጸሐፊዋ፣ ሌላ ምክንያት የማያስፈልግ ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የፓርቲ መሪ ተናዶ ከድርድር ወጣና በዚያው ቀረ፤ መንግሥትም ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የተናደደ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ከአዳራሹ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ለኩርፊያ ተመደበች። ያኮረፈ ይገባል። ሲገባ ሻርፑን ወይም ኮፍያውን በበሩ እጀታ ላይ ያንጠለጥላል። ያ እስካለ ድረስ፣ የምሳ ሰዓት ካልደረሰ በቀር፣ ማንም አይገባም፤ አያንኳኳም። አኩራፊው ንዴቱ ሲበርድለት ዕቃውን ራሱ አንስቶ ይወጣል። ወጣቶቹ የምክር ቤት አባላት ይስቁበታል፤ ሲናደዱ ግን እነሱም ይገባሉ።

ቡናማው የሱፍ ሻርፕ አሁንም እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ለምን አላነሱትም?»

ጸሐፊዋ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «የሚያነሳው ባለቤቱ ነው፤ ደንቡ ነው። እንዲያው እጄ እምቢ አለኝ።»

መርማሪዋ ሻርፑን ሳትነካ ገባች። ክፍሏ አራት እርምጃ በሦስት ብትሆን ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ ጥግ ላይ ደግሞ የከሰል ምድጃ አለ። የምድጃው የቆርቆሮ ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ጋሽ ድልድይ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወንበሩ ላይ ናቸው፤ ጭናቸው ላይ ያቺው ዝርዝር አለች። ፊታቸው የሞተ ሰው ፊት አይመስልም። ጉንጫቸው ቀልቷል። ባወቀቻቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ሞቋቸው አይታ አታውቅም።

«ስገባ መስኮቱ ዝግ ነበር፤» አለች ጸሐፊዋ ከበሩ። «ራሴን አዞረኝና ከፈትኩት። ጋሽ ድልድይ መስኮት ክፍት አይወዱም። ያኔ፣ ጀልባዋ የሰጠመች ጊዜ፣ ሦስት ቀን ወንዙ ውስጥ ሬሳ ሲፈልጉ ነበር የከረሙት። ከዚያ ከወጡ ወዲህ ሙቀት የሚባል ነገር አያውቁም። እዚህ በገቡ ቁጥር መጀመሪያ መስኮቱን ይዘጋሉ፤ ከዚያ ምድጃውን ያቀጣጥላሉ። በጋም ቢሆን።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«የማያውቅ የለም።»

መርማሪዋ ቱቦውን በጣቷ ቆረቆረችው። ከዚያ ዞራ ወደ ውጭ ወጣች። ቱቦው የሚያበቃው በጠባብ ሰገነት ላይ ነው። ወደ ሰገነቱ የሚያወጡት ሁለት በሮች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከገንዘብ ሚኒስትሩ ቢሮ፣ ሌላው ሁሉም «ሐኪሟ» ከሚላት የፓርቲ መሪ ቢሮ። የቱቦውን ክዳን አነሳችና ሁለት ጣቷን ከተተች። እንደ ቡሽ ተጠቅጥቆ የተወተፈ ወረቀት ወጣ። ወደ ምድጃው የዞረው ጎኑ በጥላሸት ጠቁሯል። ወደ ሰማይ የዞረው ንጹሕ ነው። ቀለሙ ሰማያዊ ነው።

ወረቀቱን በጥንቃቄ ዘረጋችው። ሦስት ገጽ ነው። «አንቀጽ አሥራ አራት፤ ስለ ወንዙ ድልድይ» ይላል።

* * *

የሦስቱ ፓርቲዎች ረቂቅ በሦስት ቀለም ነው የሚታተመው። ለጋዜጣ ሾልኮ ቢወጣ ከማን እንደወጣ እንዲታወቅ ነው። ነጩ የሚኒስትሩ፣ ቢጫው የጋሽ ድልድይ፣ ሰማያዊው የሐኪሟ ነው።

ሐኪሟ ወደ ፖለቲካ ከመግባቷ በፊት ሃያ ዓመት ሕሙማን ያከመች፣ ቀጥተኛና አጭር ንግግር የምትወድ ሴት ናት። ፓርቲዋ አሥራ ስድስት ወንበር አለው።

«ወረቀቱ የእርስዎ ነው?» አለቻት መርማሪዋ።

«ሰማያዊ ከሆነ የኔ ነው።»

«ሰውየው በምን የሞቱ ይመስልዎታል?»

«ሚኒስትሩ ልባቸው ነው ይላል። እኔ ከበሩ ላይ ጉንጫቸውን አይቻለሁ። የከሰል ጭስ ነው።» ሳትሸሽግ አየቻት። «ይህን ማወቄ እንደማይጠቅመኝም አውቃለሁ።»

«ዛሬ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ገብተው ነበር።»

«ስለ ክሊኒኮቼ ሲቀልዱብኝ አኩርፌ ገባሁ። ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ንፋስ ተቀብዬ ወጣሁ። ከዚያ የድልድዩ ነገር ተነሳ። ሚኒስትሩ ‹ዘንድሮ አይሆንም› አለ። ጋሽ ድልድይም ምንም ሳይናገሩ ተነሱና ሻርፓቸውን ሰቅለው ገቡ። ወዲያው ሚኒስትሩ የሩብ ሰዓት እረፍት ጠየቀ፤ ሁላችንም ወደየቢሮአችን ሄድን።»

«ድልድዩ ቢቀር ለእርስዎ ክሊኒክ ይተርፋል ይባላል።»

«ሁለት ክሊኒክ ይተርፈኛል። እውነት ነው።» ሐኪሟ በምሬት ፈገግ አለች። «ግን ለጋሽ ድልድይ ሞት እኔን አይጠርጥሩኝ። እሳቸው ቢሄዱ የባሰ ነው የሚመጣብኝ።»

መርማሪዋ ይህችን ቃል ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረችና ከሥሯ አሰመረችባት።

የሚኒስትሩ ቢሮ ጠረጴዛው ላይ አቧራ እንኳ የማያርፍበት ዓይነት ነው። ከፊቱ በአንዲት ትንሽ ካርቶን ላይ አንድ ቁጥር ተጽፎ ቆሟል፤ ሰው የልጁን ፎቶ በሚያስቀምጥበት ቦታ።

«ይህ ምንድን ነው፣ ክቡር ሚኒስትር?»

«የዘንድሮ የወጪ ጣሪያ ነው። ከዚህች ካለፍን ማንም አያምነንም።» ካርቶኑን ትንሽ አቃናው። «እንግዲህ ይፍረዱኝ። መቶ አንድ ወንበር አለ። መንግሥት ለማቆም ሃምሳ አንድ ያስፈልጋል። ሕዝቡ ግን ድምፁን በጣጥሶ ነው የሚሰጠን፤ እኛ ደግሞ ስንሰፋው እንኖራለን። እኔ ሠላሳ አራት አለኝ። ብቻዬን ምንም አይደለሁም። ሐኪሟ በአሥራ ስድስቷ ክሊኒክ ትላለች። ጋሽ ድልድይ በአንዲት ወንበር ድልድይ ይላሉ። ሃምሳ አንደኛዋ የሳቸው ናትና እምቢ ቢሉ እንፈርሳለን። ሁሉም ይጠይቃል፤ ከፋዩ እኔ ነኝ።»

«አሁንስ? ወንበራቸው ባዶ ሆነ።»

«እኛ ዘንድ ወንበር ባዶ አይሆንም። ከፓርቲያቸው የዕጩዎች ዝርዝር ቀጥሎ ያለው ይተካል። የእህታቸው ልጅ ነው። የተማረ፣ ነገር የሚገባው ልጅ ነው። ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ በጀቱ ካልተፈረመ መንግሥት እንደሚፈርስ ያውቃል። ከሱ ጋር እንግባባለን።»

መርማሪዋ ከጀርባው ያለውን የብረት ቁም ሣጥን አየች። «ቁልፉ በማን እጅ ነው ያለው?»

«በኔ ብቻ። የየቀኑ ረቂቅ ማታ ማታ ተሰብስቦ የሚቆለፍበት ነው።»

የጋሽ ድልድይ የእህት ልጅ ኮሪደሩ ላይ፣ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ተጎንብሶ ተቀምጧል። የእረፍቱን ጊዜ በሙሉ እዚያው እንዳሳለፈ ጸሐፊዋ መስክራለታለች። ሙሉ ልብሱ አዲስ ነው፤ የእጅጌው ላይ ክር እንኳ ገና አልተነቀለም።

«አጎትህ ናቸው ያሳደጉህ?»

«አባቴ ጀልባዋ ላይ ነበር። ቀዛፊው እሱ ነው።» ቀና ሳይል ነው የሚያወራው። «ሰዉ ሁሉ አባቴን ሲረግም አጎቴ ብቻ አልረገሙትም። ‹ድልድይ ቢኖር ኖሮ ማን ጀልባ ይቀዝፍ ነበር?› ይሉ ነበር። አስተማሩኝ። አብሬያቸው እንድሠራ አመጡኝ።»

«አሁን እሳቸውን የምትተካው አንተ ነህ?»

ልጁ የእጅጌውን ክር በጣቱ ጠቀለለ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት፤» አለ።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ፣ መርማሪዋ ተመልሳ ወደ ኩርፊያው ክፍል ገባች። መስኮቱ ቢዘጋም ክፍሉ ይበርዳል። ባዶው ወንበር ፊት ለፊት ቆማ ሳለች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ተሰማት። ባለወፍጮው። የባለወፍጮው እናት። አዲሷ ሙሽራ። ከአዲሷ ሙሽራ ጋር የነበረችው ሚዜ። በዝርዝሩ ላይ ሰዎቹ የተጻፉት መንደሩ በሚጠራቸው አጠራር ነው። ጋሽ ድልድይ በየድርድሩ መጀመሪያ ቆመው ሠላሳ አንዱንም ያነቡ እንደነበር፣ ሚኒስትሩም ሁልጊዜ ሰዓቱን ያይ እንደነበር ጸሐፊዋ ነግራታለች። መርማሪዋ ፈራች። የፈራችው ሟቹን አልነበረም። ይህንንም መዝገብ እንደ ያኔው «ጥፋተኛ የለም» ብላ እንዳትዘጋው ነበር። ሰማያዊ ወረቀት፣ ሁለት በር፣ የጭስ ነገር የምታውቅ ሐኪም፤ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ የቀረበላት መሰላት። ተዘጋጅቶ የቀረበ ነገር ደግሞ አትወድም።

ወጥታ ሁለት ነገር አደረገች። መጀመሪያ የጸሐፊዋን የርክክብ መዝገብ ገልብጣ አየች። ከዚያ ለምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ደውላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። መልሱን ማስታወሻዋ ላይ፣ ካሰመረችባት የሐኪሟ ቃል ጎን ጻፈችው።

* * *

በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሚኒስትሩ ሰዓቱን አየ። ሐኪሟ እጆቿን አጣምራለች። የእህትየው ልጅ ቢጫውን ረቂቅ ከፊቱ አድርጎ አያነበውም። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛለች። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። የኩርፊያው ክፍል በር ዝግ ነው፤ ሻርፑም እንዳለ ነው። ማንም ወደዚያ አያይም።

«ፊርማው የግድ ዛሬ ነው፤» አለ ሚኒስትሩ። «ባጭሩ ቢሆን።»

«ባጭሩ ነው፤» አለች መርማሪዋ። «ጋሽ ድልድይ በከሰል ጭስ ታፍነው ሞቱ። የምድጃው ቱቦ ተወትፎ ነበር። የተወተፈው ከየት በኩል ነው? ከውስጥ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ በጥላሸቱ መካከል ተገፍቶ ሲያልፍ ግራና ቀኙ በጠቆረ። የጠቆረው ግን ወደ ምድጃው የዞረው ጎኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ከውጭ፣ ከሰገነቱ ነው። ሰገነቱ ላይ ሁለት በር አለ። የሐኪሟና የእርስዎ።»

«ወረቀቱስ?» አለ ሚኒስትሩ በእርጋታ። «ሰማያዊ ነው ሲባል ሰማሁ።»

«ሰማያዊ ነው።» መርማሪዋ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። «እትዬ፣ ትናንት ጠዋት በታደለው ረቂቅ ላይ ድልድዩ ስንተኛው አንቀጽ ነው?»

«ሦስተኛው፤» አለች ጸሐፊዋ።

«ከትናንት በስቲያስ?»

«አሥራ አራተኛው። አስቸጋሪውን መጨረሻ ላይ ማድረግ ልማዳችን ነው። ትናንት በማለዳ ግን ክቡር ሚኒስትሩ ደውለው ወደፊት እንዳመጣው አዘዙኝ።»

«የሚያናድደውን ነገር በጠዋት፣ በብርዱ ሰዓት!» አለች መርማሪዋ። «ጋሽ ድልድይ እንዲያኮርፉ፣ አኩርፈውም ምድጃ እንዲያነዱ። አሁን ይህችን ወረቀት እዩአት። ‹አንቀጽ አሥራ አራት› ነው የሚለው። የትናንቱ አይደለም፤ የከትናንት በስቲያው ነው። የከትናንት በስቲያው ሰማያዊ ረቂቅ ደግሞ የት ነው የነበረው? በማታው እትዬ ጸሐፊዋ ሰብስባ፣ ገጽ በገጽ ቆጥራ፣ ለክቡር ሚኒስትሩ አስረክባለች። ፊርማቸው መዝገቡ ላይ አለ። ዛሬ ጠዋት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቁም ሣጥኑን ከፍተናል። ከሰማያዊው ላይ ሦስት ገጽ ይጎድላል።»

ሐኪሟ እጆቿን ፈታች።

«ቀለሙን መረጡ፤ ቀኑን ግን ሳያዩ ቀሩ፤» አለች መርማሪዋ።

«ሠራተኛ ሊሰርቅ ይችላል፤» አለ ሚኒስትሩ። ድምፁ አልተለወጠም። «ደግሞ እኔ ሰውየውን ገድዬ ምን አገኛለሁ?»

«እኔም ሌሊቱን ሙሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው። ምን ይገኝበታል? ሐኪሟን ስጠይቃቸው ‹እሳቸው ቢሄዱ የባሰ ነው የሚመጣብኝ› አሉ። እርስዎን ስጠይቅ ‹ከተተኪው ጋር እንግባባለን› አሉኝ። ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ አንድ ወንበር ነው። ዶክተር፣ ‹የባሰ› ያሉት ማንን ነው?»

«አሣ ሻጯን ነዋ፤» አለች ሐኪሟ ተገርማ። «በዕጩዎቹ ዝርዝር ሦስተኛ ያለችውን።»

«ሦስተኛ!» አለ ሚኒስትሩ። «ሁለተኛው ይህ ልጅ ነው!»

«በታተመው ተራ አዎ፤» አለች መርማሪዋ። «የምርጫ ወረቀቱ ላይ ከየስሙ ጎን አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። መራጩ ፓርቲውን ከመረጠ በኋላ፣ ከፈለገ፣ ከዝርዝሩ አንዱን ሰው ለይቶ ምልክት ያደርግበታል። ወንበር ሲለቀቅ የሚተካው ቀጥሎ ብዙ ምልክት ያገኘው ነው። በከተማ ያቺን ሳጥን ማንም አይነካትም፤ ስለዚህ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ያተመው ተራ እንዳለ ይጸናል። በእርስዎ ፓርቲ አንድም ቀን ተዛብቶ አያውቅም፤ ዝርዝሩን ራስዎ ስለሚያወጡት ሌላ ሕግ ያለ አይመስልዎትም። ወንዙ ዳር ግን ሰው ሁሉ ምልክት ያደርጋል። ከጋሽ ድልድይ ቀጥሎ ብዙ ምልክት ያገኘችው አሣ ሻጯ ናት። ይህ ልጅ ብዙ ወደ ኋላ ቀርቷል። የቀዛፊው ልጅ ነዋ!»

የእህትየው ልጅ እንደተመታ ሰው አንገቱን ደፋ።

«ጋሽ ድልድይን መግደል የሚጠቅመው ተተኪው ይህ ልጅ ነው ብሎ ላመነ ሰው ብቻ ነው፤» አለች መርማሪዋ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች፤ ድምፅዋ ለሰለሰ። «አንተ ግን ተተኪው እንዳልሆንክ ታውቅ ነበር። ሚኒስትሩ ምን ቃል ገቡልህ?»

ልጁ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ደብዳቤ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጸሐፊዋ አነበበችው። ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ዕለት ምክትል ሚኒስትር እንደሚሆን፣ ድልድዩም «ለወደፊት ጥናት» እንደሚቆይ ይላል። ከሥሩ የሚኒስትሩ ፊርማ አለ። ቀኑ ጋሽ ድልድይ ከመሞታቸው ከአምስት ቀን በፊት ነው።

«‹አጎትህ አርጅተዋል፣ ብዙም አይቆዩም፤ ተተኪያቸው አንተ ነህ› አለኝ፤» አለ ልጁ። «አይደለሁም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ‹ክቡር› ብሎ ጠራኝ። በሕይወቴ ማንም ‹ክቡር› ብሎኝ አያውቅም። የገዳይ ልጅ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ለአንድ ቀን ልስማው ብዬ ዝም አልኩ። ለአንድ ቀን ብቻ…» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበሩ።»

ጸሐፊዋ ደብዳቤውን አጥፋ ለመርማሪዋ ሰጠቻት።

ሚኒስትሩ ወደ ካርቶኑ የሚያይ ይመስል ዐይኑን ጠረጴዛው ላይ አንከራተተ። ካርቶኑ ግን ቢሮው ውስጥ ነው ያለው። «አንዲት ወንበር፤» አለ ቀስ ብሎ። «አገር ሙሉ ቀበቶ ሲያጠብቅ አንዲት ወንበር ድልድይ ትላለች። ብሰጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላዋ ወንበር ወደብ ትላለች። ለሁሉም እምቢ ማለት የሚችል አንድ ሰው መኖር አልነበረበትም? ለራሴ አምስት ሳንቲም አልወሰድኩም። ያቺን ቁጥር ብቻ ነበር…»

አልጨረሰውም። ፖሊሶቹ ሲያስነሱት ወንበሩን ወደ ቦታው ገፍቶ፣ ከጠረጴዛው ጋር አስተካክሎ ነው የወጣው።

ሰዓት ሳይሞላ የሚኒስትሩ ፓርቲ ከዕጩዎች ዝርዝሩ ቀጥሎ ያለውን ሰው ላከ። እሱም እንደ ፊተኛው ሚኒስትር ግራጫ ኮት ለብሷል፤ ነጩን ረቂቅ አንስቶ በዚያው ወንበር ተቀመጠ። ከሱ በፊት ስለነበረው ሰው አንድም ነገር አልጠየቀም።

አሣ ሻጯ የደረሰችው አሥር ሰዓት ላይ ነው። በጀልባ ተሻግራ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው የመጣችው፤ ጫማዋ ገና አልደረቀም። እዚያች ጀልባ ላይ ባሏንና ሁለት ልጆቿን አጥታለች። የጋሽ ድልድይን ባዶ ወንበር አልፋ መርማሪዋ ፊት ቆመች።

«አንቺ ነሽ አይደል፣ ያኔ ‹ጥፋተኛ የለም› ብለሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አለ።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ይቅር ማለቷ ይሁን አይሁን አልታወቀም። ተቀመጠች። አዲሱ ሰውዬ ረቂቁን ሲገፋላት በአንድ ጣቷ መልሳ ገፋችው። «ድልድዩ የሌለበትን አልፈርምም። የልጆቼን ነገር ነው የምነግራችሁ፤ ብትፈርሱ ፍረሱ።»

አዲሱ ሰውዬ ሐኪሟን አየ። ሐኪሟ ብዙ ካሰበች በኋላ «አንድ ክሊኒክ ከኔ ይቀነስ፤» አለች። ሰውዬውም መስኮቱን፣ ከሕንጻዎቹ በላይ ዝቅ ያለችውን ፀሐይ አይቶ፣ እስክሪብቶውን አነሳ። ጸሐፊዋ አንቀጹን እንደገና ጻፈችው።

«ከመፈረሜ በፊት ስማቸው ይነበብ፤» አለች አሣ ሻጯ። «እሳቸው እንደሚያደርጉት።»

ዝርዝሩ ከአስከሬኑ ጋር በማስረጃነት ተወስዷል። ጸሐፊዋ ግራ ተጋባች። መርማሪዋ ግን ተነሳች። ወረቀት አልያዘችም። ከባለወፍጮው ጀመረች። የአሣ ሻጯ ትልቁ ልጅ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ሴትዮዋ ራሷ ጨረሰችላትና በዐይኗ «ቀጥዪ» አለቻት። ሠላሳ አንደኛው ቀዛፊው ነው።

«ሠላሳ ሁለተኛ፤» አለ የቀዛፊው ልጅ ከጥግ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «አጎቴ።»

አሣ ሻጯ ዘወር ብላ አየችው። «አንተ ነህ የምትጽፋቸው፤» አለችው። «በየዓመቱም አንተ ነህ የምታነበው።» ከዚያ ፈረመች።

ሰዎቹ ወረቀታቸውን ሰብስበው ሲነሱ ጸሐፊዋ የኩርፊያው ክፍል በር ጋ ቆማ ቀረች። እጇን ወደ ሻርፑ ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«እንግዲህ ይህንን አሁን ላንሳው?» ብላ ጠየቀች፣ ማንን እንደምትጠይቅ ሳታውቅ።

መርማሪዋ ልትመልስ ስትል አሣ ሻጯ ቀደመቻት።

«ተዪው፤» አለች፣ እርጥብ ጫማዋን እያሰረች። «ድልድዩ እስኪያልቅ ያኩርፉ።»